ቆጣሪው በማን ግቢ ነው? የጎረቤት አገር የኃይል ድርድርን አዳማ ላይ ማስተባበር

ከጎረቤት አገር ጋር ስለ ኤሌክትሪክ ንግድ የሚነጋገረው የጋራ የቴክኒክ ኮሚቴ ስብሰባ አዳማ እንዲሆን ተወስኖ ደብዳቤው ወደ እርስዎ ሲመራ፣ ብዙውን ጊዜ የቀረው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በአዳራሽ ኪራይና በባነር ጽሑፍ ካላለቁ ይበቃል።

ከዚህ በታች ያለው ኢትዮጵያ ከጅቡቲ ጋር ያላትን የኤሌክትሪክ ንግድ ምሳሌ አድርጎ የተጻፈ ነው። በ2003 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ከድሬዳዋ ተነሥቶ ድንበሩን ይሻገራል። ከኬንያ ወይም ከሱዳን ጋር ለሚሠራም አብዛኛው ያገለግላል፤ ልዩነት ባለበት እንጠቁማለን። ከመነሻው አንድ ነገር ይያዙ፦ ወዳጅነት ስብሰባ ያስጠራል እንጂ ሒሳብ አያስታርቅም። ወዳጅ መንግሥታትን የሚያቀያይመው በአብዛኛው "የእኛ ቆጣሪ እንዲህ ይላል" የሚለው ንግግር ነው። ስለዚህ የአስተባባሪው ዋና ሥራ፣ ባለሥልጣናቱ ከመቀመጣቸው በፊት ሁለቱ ወገኖች ፓራፍ (አጭር ፊርማ) ያደረጉበት አንድ ገጽ ቁጥር ማዘጋጀት ነው።

ማን ከማን ጋር ይነጋገራል

በእኛ በኩል ፖሊሲውን የያዘው የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ ሻጩ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ለአገር ውስጥ ደንበኛ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ለብቻው የቆመ ድርጅት ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ግብዣው ወደ አንዱ ሄዶ የሚፈለገው ሳይጠራ እንዳይቀር ደብዳቤውን ሁለቴ ያንብቡ። ጅቡቲ ላይ ነገሩ ቀላል ነው፤ ኤሌክትሪሲቴ ደ ጅቡቲ ያመነጫል፣ ያስተላልፋል፣ ያከፋፍላል። ኬንያ ላይ ግን ገዢው ኬንያ ፓወር፣ የማስተላለፊያ መስመር የሚገነባው ኬትራኮ፣ ተቆጣጣሪው ኢፕራ ነው። ገዢው እሺ ያለውን ተቆጣጣሪው ካላጸደቀው አይጸናምና ሦስቱንም በአንድ ደብዳቤ ይጥሩ።

መደበኛው መንገድ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲ በኩል የሚሄደው ኖት ቨርባል የሚባለው መደበኛ የዲፕሎማሲ ደብዳቤ ነው። ከስብሰባው ቢያንስ 45 ቀን ቀደም ብሎ ይውጣ፤ ቀን፣ ቦታ፣ አጀንዳና የልዑካን ቁጥር ብቻ ይያዝ። "የመስከረም ወር ንባብ ይላክልን" ዓይነት ጥያቄ በዚህ መንገድ ከተላከ ሳምንታት ይፈጃል፤ የሚመጣው መልስም "ደብዳቤው ደርሶናል" ነው። ለቁጥር ከባለሙያ ወደ ባለሙያ የሚሄድ መስመር ይክፈቱና አንድ ደንብ ያስቀምጡለት፦ ባለሙያ ቁጥር ይለዋወጣል፣ ቃል ግን አይገባም። "ይህንንማ እንቀንስላችኋለን" የምትል አንዲት የቴሌግራም መልእክት ድርድሩ ውስጥ ተመልሳ ስትመጣ ዋጋ ታስከፍላለች።

ልዑካኑን በማዕረግ አይምረጡ። በእያንዳንዱ ወገን አምስት ሰዎች መኖራቸውን ያረጋግጡ፦ ቆጣሪውን የሚያነበው፣ ደረሰኙን የሚያወጣው፣ የፕሮቴክሽን (ብልሽት ሲፈጠር መስመሩን የሚያቋርጠው መከላከያ) መሐንዲሱ፣ የሕግ ባለሙያው፣ ክፍያውን የሚያስፈጽመው። ሚኒስትር ዴኤታው ከፍቶ ቢሄድ ስብሰባው ይቀጥላል። ቆጣሪ አንባቢው ከቀረ ግን የሁለት ቀኑ ጊዜ "አጣርተን እናሳውቃለን" በሚል ያልቃል።

ሦስቱን ሰነዶች አይደባልቁ

ሁለት መንግሥታት ኃይል ሲሸጡና ሲገዙ ሦስት የተለያዩ ወረቀቶች ይኖራሉ። የመጀመሪያው በመንግሥታቱ መካከል የሚፈረመው ስምምነት ሲሆን መርሁን፣ የመሣሪያ ቀረጥን፣ የመተላለፊያ መሬትንና ክርክር የሚዳኝበትን ይይዛል። ሁለተኛው በሻጭና በገዢ ድርጅት መካከል ያለው የኃይል ግዢ ውል ነው፤ ዋጋ፣ መጠን፣ የክፍያ ቀን እዚያ ናቸው። ሦስተኛው የመስመር አሠራር ስምምነት ነው፤ ስለ ቆጣሪ፣ ስለ ፕሮቴክሽን፣ ስለ መቋረጥ ማስታወቂያ ይናገራል።

የሚበላሸው ዋጋ ወደ መጀመሪያው ሰነድ ሲገባ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 መሠረት የሕግ አስፈጻሚው አካል የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። እዚያ የገባ ዋጋ በተከለሰ ቁጥር ምክር ቤት ሊመለስ ነው ማለት ነው። የኬንያው አካሄድ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ 25 ዓመት፣ በኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋዋት፣ ከዚያ እስከ 400። ይህ ሁሉ የተቀመጠው በግዢ ውሉ ውስጥ ነው።

የቁጥሩ ገጽ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ገጹ አንድ ኤ4 ነው፤ ከዚያ ካለፈ ማንም አያነበውም። በውስጡ የሚሰፍሩት የቆጣሪው ቦታና ቁጥር፣ የወሩ መነሻ ንባብ፣ መድረሻ ንባብ፣ ንባቡን ወደ እውነተኛው መጠን የሚቀይረው ማባዣ፣ ለማመሳከሪያ ከዋናው ጎን የሚተከለው የመቆጣጠሪያ ቆጣሪ ንባብ፣ የሁለቱ ልዩነት በመቶኛ፣ የመስመር ብክነት፣ የተቋረጠበት ሰዓት እና የተጣራው ሜጋዋት ሰዓት ናቸው።

ከሁሉ በፊት ቃሉን ያጥሩ። በአማርኛ "ኃይል" ስንል ሁለቱንም እንላለን፤ 100 ሜጋዋትም ኃይል ነው፣ 50,400 ሜጋዋት ሰዓትም ኃይል ነው። የጅቡቲ ባለሙያ ግን በፈረንሳይኛ ፒዊሳንስ እና ኤነርዢ ብሎ ይለያቸዋል። አስተርጓሚው ሁለቱንም "ኃይል" ካለ አንዱ ወገን ስለ አቅም፣ ሌላው ስለ ፍጆታ እያወራ ግማሽ ቀን ይሄዳል። በሰነዱ ላይ ሜጋዋቱን "አቅም"፣ ሜጋዋት ሰዓቱን "ኢነርጂ" ይበሉና ትርጉሙን በመጀመሪያው ገጽ ይጻፉ።

አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። 100 ሜጋዋት አቅም በአማካይ 70 በመቶ ተጭኖ ለ30 ቀን ቢሠራ 100 ሲባዛ በ720 ሰዓት፣ ሲባዛ በ0.7፣ 50,400 ሜጋዋት ሰዓት ነው። ለስሌት ያህል የኬንያውን 6.5 ሳንቲም ብንወስድ 3,276,000 ዶላር ይሆናል። አሁን ውሉ የመረከቢያ ቦታው ድንበር ነው ይላል እንበል፤ ቆጣሪው ግን ያለው በሻጩ ማከፋፈያ ጣቢያ ግቢ ነው። በመካከል ያለው መስመር 2 በመቶ ቢበላ 1,008 ሜጋዋት ሰዓት፣ ማለትም 65,520 ዶላር በየወሩ ባለቤት የሌለው ሒሳብ ይሆናል። ስለዚህ ስብሰባው ላይ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ "ዋጋው ስንት ነው" ሳይሆን "ቆጣሪው በማን ግቢ ነው፣ ብክነቱንስ ማን ይችላል" የሚለው ይሁን።

የቆጣሪው ትክክለኛነት ደረጃ ለዚህ ዓይነት መስመር ክላስ 0.2ኤስ ነው። ከላይ ባለው መጠን ላይ 0.2 በመቶ ስሕተት 100.8 ሜጋዋት ሰዓት ነው፤ ይህን ሁለቱም ወገኖች ይቀበሉታል። የሚጎዳው ሌላ ነው። ባለሙያዎች ሲቲ የሚሉት፣ የመስመሩን ከፍተኛ ከረንት ለቆጣሪው አሳንሶ የሚሰጠው የከረንት ትራንስፎርመር ሬሾው 800 በ1 ሆኖ ቆጣሪው ላይ 600 በ1 ተብሎ ከተሞላ፣ ንባቡ በ25 በመቶ ዝቅ ይላል። ደወል የለውም፤ ቆጣሪው ጤነኛ መስሎ ይሠራል። የመቆጣጠሪያ ቆጣሪውም ያንኑ ስሕተት ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ምክንያቱም ሁለቱንም የሞላው አንድ ሰው ከአንድ ወረቀት ላይ ነው። መፍትሔው ከስብሰባው በፊት ሁለት መሐንዲሶች፣ ከየወገኑ አንድ አንድ፣ ጣቢያው ድረስ ሄደው የትራንስፎርመሩን ስም ሰሌዳ በዓይናቸው አንብበው ፎቶ ማንሣት ነው። ከቢሮ ፋይል ላይ የተገለበጠ ሬሾ አይቀበሉ።

በዋናውና በመቆጣጠሪያው መካከል ያለው ልዩነት ከስንት በመቶ ካለፈ ምርመራ እንደሚጀመር ቁጥሩን ውሉ ላይ ያስፍሩ፤ ምርመራው እስኪያልቅ ያልተከራከሩበት ክፍል እንዲከፈልም ይጻፍ። ይህች አንቀጽ ከሌለች በ3 በመቶ ልዩነት የተነሣ መቶ በመቶው ክፍያ ይታሰራል።

ቀንና ሰዓት

ይህኛው ችግር የእኛው ነው፤ የውጭ አማካሪ አይነግርዎትም።

አስተርጓሚ "ኦክቶበር" የሚለውን "ጥቅምት" ብሎ ይተረጉማል። ጥቅምት ከ1 እስከ 30 ማለት ግን ብዙውን ጊዜ ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ነው፤ ከሠግር ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ ቀን ይገፋል። የእኛ ወገን በጥቅምት፣ የእነሱ በኦክቶበር ካነበቡ ሁለቱ ወረቀቶች በፍጹም አይገጥሙም፤ የጅቡቲ ሙቀት በዚያ ሰሞን ስለሚቀንስ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ጳጉሜንም አትርሷት። በኢትዮጵያ ወር ደረሰኝ የሚያወጣ ክፍል ካለ አምስቷ ወይም ስድስቷ ቀን የት እንደምትገባ በጽሑፍ ካልተወሰነ፣ አንድ ጊዜ ከነሐሴ ጋር ሌላ ጊዜ ከመስከረም ጋር ስትቆጠር ትገኛለች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለንባብና ለደረሰኝ የጎርጎርዮስ ወር ብቻ፤ የወሩ ስም "ኦክቶበር" ተብሎ ይጻፍ እንጂ አይተርጎም።

ሰዓቱ የባሰ ነው። ጅቡቲም ኬንያም ከእኛ ጋር አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ነገር ግን የጣቢያ ተረኛ በእጁ መዝገቡ ላይ "መስመሩ 3:20 ወደቀ" ብሎ ሲጽፍ ጠዋት (09:20) ማለቱ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ይህን ከእኩለ ሌሊት በኋላ 03:20 ብሎ ያነበዋል። ለስድስት ሰዓት የተዛባ መቋረጥ በ70 ሜጋዋት ሲሰላ 420 ሜጋዋት ሰዓት ክርክር ያመጣል። የእጅ መዝገቡ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፍ፤ ከጎኑ "ጠዋት" ወይም "ሌሊት" ይጨመር፤ የቆጣሪዎቹ ሰዓት ከሳተላይት ጋር ይገናኝ። የወሩ ንባብ የሚወሰደው 00:00 ላይ ነው፤ ይህም በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት መሆኑን ለተረኛው በቃልም ይንገሩት።

የበጀት ዓመትም አይገጥምም። የእኛ ሐምሌ 1፣ የኬንያ ጁላይ 1፣ የጅቡቲ ጃንዋሪ 1 ይጀምራል። "በዓመት ይህን ያህል ይገዛል" የሚል አንቀጽ የትኛው ዓመት እንደሆነ ካልተናገረ የጎደለውን መጠን ማስከፈል አይቻልም።

ሐሩሩ፣ ግድቡና የወደቀው መስመር

ጅቡቲ ከፍተኛ ፍላጎት የሚኖራት በበጋቸው ነው፤ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ሙቀት የአየር ማቀዝቀዣ ሌሊትም አይጠፋም። የእኛ ግድቦች ደግሞ ዝቅ የሚሉት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ገዢው በጣም የሚፈልግበትና ሻጩ በጣም የሚሰስትበት ወቅት አንድ ላይ ይወድቃል። 5,150 ሜጋዋት የተተከለበት የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ላይ መመረቁ ጫናውን ቢያቃልልም የመስመርና የጣቢያ አቅም ገደብ አብሮ አልጠፋም። ስለዚህ በድርድሩ ላይ አንድ ዓመታዊ ቁጥር ይዞ ከመቅረብ የ12 ወር ሠንጠረዥ ይዞ መቅረብ ይሻላል፦ በየወሩ የሚረጋገጥ መጠን፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሲገኝ ብቻ የሚሸጥ። የጅቡቲ ወገንም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 60 ሜጋዋት የሚጠጋ የጉቤት ንፋስ ኃይል ማመንጫ አላቸው። "እኛ ካልሸጥንላቸው" የሚለው አስተሳሰብ የቆየ ነው።

በቀዝቃዛው ወራት የሚመጣው ቅሬታ ሌላ ነው። ረጅም መስመር ጭነቱ ሲቀንስ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ቮልቴጅ ይጨምራል። ሌሊት ላይ "ቮልቴጃችሁ ከፍ አለ" ተብሎ ሲደወል ስሕተት የሠራ ሰው የለም፤ ትርፉን ቮልቴጅ የሚያወርደውን ሪአክተር ማን፣ በስንት ኪሎ ቮልት ላይ እንደሚያስገባ አለመጻፉ ነው ጥፋቱ።

መስመሩ ሲወድቅ ተረኛው በ10 ደቂቃ ውስጥ ይደውል፤ የጽሑፍ ሪፖርት በ24 ሰዓት ይሂድ። ለታቀደ ጥገና 30 ቀን አስቀድሞ ማስታወቂያ፣ ከሰባት ቀን በፊት ማረጋገጫ ይሰጥ። "ከአቅም በላይ" የሚለውን ቃል በዝርዝር ይተርጉሙት። በረሃው ላይ አቧራና የባሕር ጨው ሽቦውን ከምሰሶው በሚለየው ኢንሱሌተር ላይ ተጋግሮ ንጋት ላይ በጤዛ ሲርስ መስመር ይጥላል፤ ይህ በየዓመቱ የሚታወቅና በእጥበት የሚከላከሉት ነገር ስለሆነ ከአቅም በላይ አይባልም። በአዳማ በኩል የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ የባቡር ድርጅቱን በማስታወቂያው ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ነዳጁን ለብቻው

ኤሌክትሪኩ ወደ ጅቡቲ ቁልቁል ሲወርድ ነዳጁ ከጅቡቲ ሽቅብ ይመጣል፤ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማወራረድ ያጓጓል። ባይሞክሩት ይሻላል፤ የሚያውቁት ሰዎች ይለያያሉ፣ አንዱ ሲታሰር ሌላውን ይዞ ይታሰራል። ግን አንዲት ነገር ትታወቅ፦ 45,000 ሊትር ናፍጣ በ38 ዲግሪ ተጭኖ በ23 ዲግሪ ሲራገፍ ወደ 560 ሊትር ገደማ ይቀንሳል፤ ናፍጣ በአንድ ዲግሪ 0.083 በመቶ ያህል ስለሚሰበሰብ ነው። ሾፌሩን ሌባ ከማለት በፊት የሁለቱን ጫፍ ሙቀት ይጠይቁ፤ ሒሳቡም በአንድ በተስማሙበት ሙቀት ይሠራ።

አዳማ ላይ

ከተማዋ ለዚህ ሥራ ትመቻለች። ከቦሌ የሚመጣ እንግዳ በፍጥነት መንገዱ ይደርሳል፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የአዳማ ቁጥር 1 እና 2 የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች አሉ፣ 51 እና 153 ሜጋዋት። በ1960 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የቆቃ ግድብም ቅርብ ነው። ጉብኝት ካለ ጠዋት ያድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩም ነፋሱም አብረው ስለሚበረቱ ኮረብታው ላይ ማብራሪያ የሚሰማ አይኖርም።

ቀን ሲመርጡ የጅቡቲ የሳምንት ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ መሆኑን ያስቡ። የእኛ ቅዳሜና እሑድ ሲጨመር በሁለቱም በኩል ቢሮ የሚገኝበት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው፤ ስብሰባውን ማክሰኞና ረቡዕ ላይ ቢያደርጉት ሐሙስ ለማረሚያ ይተርፋል። ረቡዕ ጾም ስለሆነ የጾምና የፍስክ ምግብ ለየብቻ፣ ሥጋውም የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ በግልጽ ተለይቶ ይቅረብ። እንግዳ መጠየቅ ስለሚያፍር ጽሑፉ ከሳህኑ ፊት ይቀመጥ። በኢሬቻ ሰሞን አይጥሩ፤ ቢሾፍቱ ላይ ሕዝብ ሲሰበሰብ የአዲስ–አዳማ ጉዞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መገመት አይቻልም።

ጄኔሬተሩን እርስዎ ራስዎ ያስነሡት። "ይሠራል" የሚለውን የሆቴሉን ቃል አይመኑ፤ ዋናውን ብሬከር አስወርደው ሙሉ የአዳራሹ ጭነት ላይ 20 ደቂቃ ያቆዩት፣ የአስተርጓሚውን ድምፅ ማጉያ ጨምሮ። ኃይል እንሸጣለን ብለን እንግዳ ጠርተን አዳራሹ ከጨለመ ቀልዱ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ይቆያል።

ቃለ ጉባኤው

ረቂቁ የሚጀመረው በመጀመሪያው ቀን ማታ ነው፤ ከየወገኑ ሁለት ሰው ይበቃል። ሦስት ግሶች ብቻ ይጠቀሙ፦ "ተስማምተዋል"፣ "ተገንዝበዋል"፣ "ለቀጣዩ ስብሰባ ተሸጋግሯል"። "አበረታተዋል" እና "አጽንዖት ሰጥተዋል" የሚሉት ለዜና ይሁኑ። "ተስማምተዋል" ካለ ከሥሩ የሚሠራው መሥሪያ ቤት፣ የሚሰጠው ነገርና ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይኑር። ለምሳሌ "የሲቲ ሬሾ ይስተካከላል" አይበቃም፤ የየትኛው ጣቢያ፣ ከስንት ወደ ስንት፣ ያለፈው ልዩነት ከየትኛው ንባብ ጀምሮ እንደሚታሰብ ይጻፍ። የመጨረሻዋን ማለትም ወደ ኋላ የሚታሰብበትን ቀን ዘሎ የሚያልፍ ቃለ ጉባኤ ያጋጥማል፤ ያ ቀን ነው ገንዘቡ ያለበት።

ሁለት ዋና ቅጂ ይዘጋጅ። ኢትዮጵያ በምትወስደው ቅጂ ላይ የኢትዮጵያ ስም ቀድሞ ይጻፋል፣ ጅቡቲ በምትወስደው ላይ የጅቡቲ፤ የፊርማውም ቦታ እንዲሁ ይቀያየራል። በተለያየ ቋንቋ ከተዘጋጀ ልዩነት ሲፈጠር የሚጸናው የትኛው እንደሆነ በመጨረሻው አንቀጽ ይገለጽ። እያንዳንዱ ገጽ፣ ከላይ ያልነው የቁጥር ገጽ ጭምር፣ ፓራፍ ይደረግበት።

ከስብሰባው በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት ውስጥ ቃለ ጉባኤውን ለጣቢያ ተረኞቹ በሚገባቸው ቋንቋ በአንድ ገጽ አሳጥረው ይላኩ፤ ሥራውን የሚሠሩት አዳራሹ ውስጥ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ የሚቀጥለውን ወር የመጀመሪያ ንባብ ይጠብቁ። ወረቀቱ በአሮጌው ማባዣ ተሠርቶ ከመጣ በዚያው ቀን ይደውሉ።